ስንጥቁ እስኪደርቅ

ማክሰኞ፣ የካቲት 3

የብዕሩ ክዳን አይደለም የተሰነጠቀው፤ አካሉ ነው። የብረት ጫፉ ተጠምዝዞ ከሚገባበት አፍ ተነስቶ ወደ ላይ የጥፍር ያህል ሄዷል። ሲያዩት ፀጉር የወደቀበት ይመስላል። በዚያች ፀጉር ግን ቀለም ሾልኮ የባሌን የማቴዎስን ጣቶች፣ አንሶላውንና የእኔን ነጭ ጋዋን አበላሽቷል።

ደንበኛ ቢያመጣልኝ «ፕላስቲኩ አርጅቶ ደርቋል» እለው ነበር። እውነትም አርጅቷል፤ ከትዳራችን ይበልጣል። ማቴዎስ በመጀመሪያ ደመወዙ ከአንድ ጡረታ ከወጡ ርዕሰ መምህር የገዛው ነው። ኋላው ሲጠመዘዝ ቀለሙን ስቦ በራሱ ሆድ ይይዛል። ሆዱ ከተሰነጠቀ ምንም አይይዝም።

ባሌ ሃያ ስድስት ዓመት አማርኛ አስተማረ። ሲዳምኛ እየተናገረ ያደገ፣ እዚሁ አጠገብ ያለችው የቱላ ልጅ ነው፤ አማርኛን ትምህርት ቤት ገብቶ ነው የተማረው። ካቻምና ምላሱ መያያዝ ጀመረ። ተማሪዎቹ ጠጥቶ የመጣ መስሏቸው ይሳሳቁ ነበር። አምና ድምፁ ጨርሶ ሄደ። ሐኪሙ «ጡንቻውን የሚያዙት ነርቮች እየሞቱ ነው፤ የሚመልሳቸው መድኃኒት የለም» አለን። ግራ እጁ ከገና ወዲህ አይነሳም። ቀኙ ላይ የሚንቀሳቀሱ ሦስት ጣቶች ብቻ ቀርተውታል። እስክሪብቶ ካልተጫኑት አይጽፍም፤ እሱ መጫን አይችልም። የቀለም ብዕር ግን ወረቀቱን ከነካ ይበቃዋል፤ ቀለሙ ራሱ ይወርዳል። እስከ ትናንት ድረስ በዚህ ብዕር ነበር የምንነጋገረው።

ሥራዬ ሰው ሠራሽ ጥርስ መሥራት ነው። ታቦር ሰፈር፣ ቤታችን ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል አለችኝ። አሮጌ ብዕር መጠገኑን በጥርሱ ፕላስቲክ በኩል ነው የገባሁበት፤ አሁን ጠበቃውም ጡረተኛውም ይልክልኛል። ከልማድ የተነሳ አካሉን በጨርቅ አሸሁት፤ የካምፎር ሽታ መጣ። ሴሉሎይድ የሚባለው የድሮ ፕላስቲክ ነው። እሱን ሙጫ አይይዘውም። አሴቶን፣ ያ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው፣ ግን ያቀልጠዋል። የተሰነጠቁትን ሁለት ጎኖች በትንሹ አቅልጦ እርስ በርሳቸው እንዲዋሃዱ ማድረግ ነው።

አጠብኩት፣ አደረቅሁት። በቀጭን ብሩሽ ጠብታ አሴቶን አፉ ላይ ሳስነካው ስንጥቁ ራሱ ሳበው። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። በክር ጠመጠምኩትና መደርደሪያው ላይ አስቀመጥኩት።

አሁን መጠበቅ ነው። አሴቶኑ ከላዩ ወዲያው ይተናል፤ ከውስጥ ወጥቶ እስኪያልቅ ግን አሥር ቀን ይፈልጋል።

«አሥር ቀን» አልኩት ለማቴዎስ። ዓይኑን አንድ ጊዜ ጨፈነ። እሺ ማለቱ ነው።

ከአሥር ቀን በኋላ ስንት ጣት እንደሚኖረው ግን አላውቅም።


ረቡዕ፣ የካቲት 4

ዛሬ የሞከርናቸው፦

እስክሪብቶ። ወረቀቱ ላይ ነጭ ጭረት ብቻ ቀረ።

እርሳስ። ለስላሳውን ገዛሁ። አንድ «መ» ጽፎ እጁ ወደቀ።

ማርከር። ይጽፋል፤ ግን ወረቀቱን ይይዘዋል። እሱ ደግሞ መጎተት አይችልም። አንድ ቃል፣ ከዚያ የአንድ ሰዓት ዕረፍት።

ስልክ። ጣቱ ሲያርፍ ሦስት ፊደል አብሮ ይነካል። «ውሃ» ለማለት የጻፈውን ማንም አያነበውም። ተናደደ። ሲናደድ ትንፋሹ ያጥራል፤ ስልኩን ወሰድኩበት።

አዎ ሲል ዓይኑን አንድ ጊዜ ይጨፍናል፤ አይ ሲል ሁለት ጊዜ። በዚህ ስለ ውሃ፣ ስለ መገልበጥ፣ ስለ መስኮት፣ ስለ ሽንት እንግባባለን።

ከሰዓት በፊት ከአዲስ አበባ ሆስፒታል ደወሉ። የካቲት 23 ቀጠሮ ይዘውለታል። ጉሮሮው ላይ ቀዳዳ ይከፈትና ቱቦ ይገባል፤ መተንፈሻ ማሽን ይገጠምለታል። ያለ ማሽኑ ዓመቱን እንደማይዘልቅ ነው ሐኪሙ የነገረኝ። ከማሽኑ ጋር ግን ሁለትም ሦስትም ዓመት ይሆናል፤ ማሽኑ መቼም አይነቀልም። የስምምነት ቅጹን በስልኬ ላኩልኝ፤ ወጥቼ አሳተምኩት።

«ራሱ ይፈርም። መፈረም ካልቻለ የጣት አሻራ ይበቃል» አለችኝ የደወለችው ልጅ።

ልጅ አልወለድንም። እናቴም አባቴም አልፈዋል። ማቴዎስ ከሄደ እዚህ ቤት ውስጥ ስሜን የሚያውቅ የለም።

አዎና አይ ማለት ይችላል። መጠየቅ ያለብኝን ጥያቄ ግን ቀኑን ሙሉ አልጠየቅሁትም።


ሐሙስ፣ የካቲት 5

ጎረቤቴን እሱ ዘንድ አስቀምጬ በባጃጅ ወረድኩ። ፒያሳ ሦስት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ፣ ከዚያ ገበያው አጠገብ አንድ፣ ዩኒቨርሲቲው በር ላይ ሁለት።

«እትዬ፣ በቀለም ብዕር አሁን ማን ይጽፋል?» አለኝ አንዱ ባለሱቅ።

«ባሌ።»

ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያይ ተነስቶ ከላይኛው መደርደሪያ አቧራ የጠጣ ካርቶን አወረደልኝ። አንድ ርካሽ የቀለም ብዕር ተገኘ። እየሮጥኩ መጣሁ ማለት ይቻላል። ጫፉ ሻካራ ነው፤ ወረቀቱን ይቧጥጣል። በጥሩ አሸዋ ወረቀት አለሰለስኩት፤ ጭራሽ ቀለም ተፋ። ማቴዎስ ሁለት ጊዜ ሞክሮ ለቀቀው።

በምሳ ሰዓት አጥሚቱ ትን አለው። ከንፈሩ ጠቆረ። ጀርባውን እየመታሁ የማርያምን ስም ስንት ጊዜ እንደጠራሁ አላውቅም። ተመለሰ። ትንፋሹ ሲመለስለት ፊቱ ላይ ያየሁት ድካም ነው፤ ደስታ የለበትም።

መሥሪያ ክፍሌ ውስጥ የጋሽ ይልማ ብዕር አለ። ጋሽ ይልማ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። ስንጥቁን ከጠገንኩት ወር አልፎታል፤ ደርቋል፣ ቀለም አይፈስበትም፣ ቅቤ ላይ እንዳለ ቢላዋ ይሄዳል። እስኪወስዱት ነው የሚጠብቀው።

የሰው አደራ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 7

አደራውን በላሁ። የጋሽ ይልማን ብዕር ቀለም ሞልቼ የማቴዎስ ጣቶች መካከል አስገባሁት።

እጁ ሲሄድ ማየት! አራት ቀን ዝም ብሎ የከረመ ሰው። መጀመሪያ የጻፈው፦ «የማን ነው?»

«የእኔ ነው። ከድሮ ዕቃዎቼ ውስጥ አገኘሁት።»

አየኝ። በዚያች ክፍል የገባ የወጣውን ብዕር ሁሉ ያውቃል፤ ድሮ ከትምህርት ቤት ሲመጣ እየጻፈ የሚፈትንልኝ እሱ ነበር። ጻፈ፦ «ባለቤቱ ያውቃል?» ወረቀቱን አስተካከልኩለት። «መልሺለት» ብሎ ጻፈና ጣቶቹን ከፈተ። ብዕሩ ብርድ ልብሱ ላይ ወደቀ።

ጮህኩበት። «ልትሞት ነው፣ አሁንም መምህር ነህ!» አልኩት። እንዲህ አልኩት። መሞት የሚለውን ቃል በዚህ ቤት መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ሆንኩ።

አሁን ማክሰኞ ዕለት ያልጻፍኩትን ልጻፍ። ለራሴ ደብተር መዋሸት ምን ይጠቅመኛል?

ብዕሩ አርጅቶ አይደለም የተሰነጠቀው። ሰኞ ማቴዎስ እንዲህ ብሎ ጽፎልኝ ነበር፦ «አዲስ አበባ አልሄድም። ጉሮሮዬን አይቅደዱት። መብራት ሲጠፋ ማሽኑ ቢቆም ምን ልትሆኚ ነው?» ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ብዕሩን ላጥበው ብዬ ይዤው ወጣሁ። ጫፉን አጥቤ መልሼ ሳጠብቀው እጄ መቆሚያውን ያውቃል። ሃያ ዓመት የለመደ እጅ ነው፤ በሰው ብዕር ላይ ሳላስበው ይቆማል። ሰኞ ዕለት አልቆመም። እያወቅኩ አንድ ዙር ጨመርኩ። ጠቅ አለ።

ሊሰነጠቅ እንደሚችል አውቅ ነበር። ይሰነጠቅ ብዬ ነው ወይ? አላውቅም። አላውቅም ማለቴም ውሸት ሳይሆን አይቀርም።


እሑድ፣ የካቲት 8

ቅበላ ነው። ነገ ጾም ይገባል። ሥጋ አልገዛሁም፤ ማን ሊበላው?

የማቴዎስ ታላቅ እህት እትዬ ዱካሌ ከቱላ መጣች። ከጸሎት ቤት ቀጥታ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ወተትና ቆጮ ይዛ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በሲዳምኛ ስታወራው ቆየች። ስለ ላሞቿ ነው መሰለኝ። እሱ ዓይኑን ከእሷ አላነሳም። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ወይንሸት፣ ወንድሜ ቤቱ ይምጣ።»

«ቤቱ ይሄ ነው፣ እትዬ።»

«ይሄም ቤቱ ነው። እኔ የምለው እትብቱ የተቀበረበትን ነው። እዚያ ሰው አለ። ተራ በተራ እንይዘዋለን። አንቺ ብቻሽን አለቅሽ።»

«አዲስ አበባ ማሽን አለ። ይተነፍስበታል።»

«እሱ ምን አለ?»

«ብዕሩ ተበላሽቷል።»

አየችኝ። ማንበብና መጻፍ የማትችል ሴት ናት። «ብዕሩ ተበላሸ። ዓይኑም ተበላሸ?» አለችኝ።

አስፋልቱ ድረስ ሸኘኋት። ሚኒባስ እስኪመጣ አብሬያት ቆምኩ።

ስመለስ በቀጥታ ወደ መሥሪያ ክፍሌ ገባሁ። አምስት ቀኑ ነው። ክሩን ፈታሁት። ከላይ ሲያዩት ስንጥቁ የለም። ደህና ሆኗል አልኩና ጫፉን አስገብቼ ጠመዘዝኩ። ውስጡ ገና ለስላሳ ነበር። ክሩ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ሰርጉዷል፤ ስንጥቁም ተከፍቶ ከበፊቱ በእጥፍ ረዘመ።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። ይህን ለደንበኞቼ ሁሉ የምናገር እኔ ነኝ።


ሰኞ፣ የካቲት 9

ከአንድ የተሰበረ አሮጌ ብዕር ፍቅፋቂ አወጣሁ። በአሴቶን አሟሙቼ እንደ ማር ወፍራም አደረግኩትና ስንጥቁን ሞላሁበት። በዚህ ጊዜ በክር አልጠመጠምኩትም። እንደገና አሥር ቀን። እስከ የካቲት 19።

ከዚያ ለጋሽ ይልማ ደወልኩ።

«ብዕሬ ደረሰልኝ?»

«ደርሷል ጋሼ። ግን አንድ ነገር አጥፍቻለሁ።» ለማቴዎስ ሰጥቼው እንደነበር፣ እሱም የሰው ነው ብሎ እንደመለሰው ነገርኳቸው። እስኪጠገን እንዲያውሱን ለመንኳቸው።

«የሰው ነው ብሎ መለሰው?»

«አዎ።»

«ረቡዕ ራሴ እመጣለሁ። እንዲህ ያለውን ሰው ማየት እፈልጋለሁ።»

ስልኩን ስዘጋ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ፈራሁ። ምን እንደፈራሁ አውቃለሁ።


ማክሰኞ፣ የካቲት 10

አደረግኩት።

ነገ ጋሽ ይልማ ይመጣሉ። ከፈቀዱለት ማቴዎስ ይጽፋል። ከጻፈ ደግሞ «አልሄድም» ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ዛሬ ማለቅ ነበረበት። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ቆሜ አጥሚት እያማሰልኩ ነው፤ የገበያ ዝርዝር እንደማሰብ ቀለለኝ።

ቅጹን መጽሐፍ ላይ ዘርግቼ አልጋው ላይ አስቀመጥኩ። የማኅተም ቀለም ከመሥሪያ ክፍሌ አመጣሁ። ቀኝ አውራ ጣቱን ያዝኩ። አልታገለኝም። በምኑ ይታገለኛል? ዓይኑን ሁለት ጊዜ ጨፈነ። ከፈተ። ደግሞ ሁለት ጊዜ ጨፈነ። አየሁት፤ እንዳላየ ሆንኩ። ጣቱን ወረቀቱ ላይ ጫንኩት። ቸኩዬ ስለጎተትኩት አሻራው ወደ ጎን ሸሸብኝ።

ቀለሙን በሳሙና ባጥበው አልለቅ አለ። አሴቶን በጥጥ አድርጌ ጠረግኩት። ቆዳው ነጭ ሆኖ ደረቀ። ጥፍሩ ጠርዝ ላይ ሰማያዊው ቀረ።

ማቴዎስ አንገቱን ማዞር አይችልም። ዓይኑን ግን ወደ መስኮቱ ወሰደው። ቀኑን ሙሉ ወደ እኔ አልመለሰውም። ውሃ ስለው፣ ልገልብጥህ ወይ ስለው፣ አዎም አይም አላለኝም።


ረቡዕ፣ የካቲት 11

ጥፍሩ ላይ የቀረውን ሰማያዊ በአሴቶን ደግሜ እየጠረግኩ ሳለ፣ በአራት ሰዓት ጋሽ ይልማ መጡ። ከባጃጅ ደግፌ አወረድኳቸው። ክራቫት አስረዋል። ገብተው ማቴዎስን «እንደምን አደሩ መምህር» ብለው ቀኝ እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። ትንሽ ቆዩና እጁን ወደ ፊታቸው ጠጋ አደረጉት።

«ይህ ሽታ ምንድን ነው?»

«አሴቶን ነው ጋሼ። በሥራዬ የምጠቀምበት ነው።»

«አሴቶንማ ከሥራ ክፍልሽ መሽተት አለበት። ከእሳቸው እጅ ለምን ይሸታል?» ጥፍሩን አዩት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቅጽ አዩ። ልሰውረው አስቤ ነበር፤ እጄ እምቢ አለኝ። አንስተው መነጽራቸውን አደረጉና አነበቡት።

«ልጄ፣» አሉኝ ድምፃቸውን ሳይጨምሩ፣ «ፈቅዶ የጫነ ሰው አሻራው ክብ ሆኖ ይወጣል። የተጎተተ ጣት ያስታውቃል። በዚህ ምክንያት ስንት መዝገብ እንደመለስኩ ብነግርሽ አታምኚኝም።»

መሬት ላይ ተቀመጥኩ። «ብቻዬን ልቀር ነው» አልኩ።

እሳቸው ብዕራቸውን አልጋው አጠገብ ካለው መደርደሪያ አንስተው ራሳቸው ቀለም ሞሉት። የማቴዎስ ጣቶች መካከል አስገቡት፤ ወረቀቱን ያዙለት። «አቶ ማቴዎስ፣ ይህ ብዕር የእኔ ነው፤ እስከፈለጉ ይጻፉበት። አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ይህ ቅጽ የእርስዎ ፈቃድ ነው?»

ረጅም ጊዜ ወሰደ። ጫፉ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ይሰማኛል።

«አይደለም።»

አረፈ። «አልሄድም።»

ጋሽ ይልማ ወረቀቱን ሊያነሱት ሲሉ ማቴዎስ ብዕሩን ገና እንደያዘ ነው። ጠበቁት። ሦስተኛው መስመር ወደ ታች እያዘነበለ ወጣ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ። ለእኔ ሰጡኝ።

«እሷን አይክሰሱብኝ።»

«ጡረተኛ ነኝ መምህር» አሉት። «የምከሰውም የምፈርድበትም የለኝም።» ድምፃቸው ግን የዳኛ ድምፅ አልነበረም። ቅጹን አጥፈው እጄ ላይ አኖሩት። «አንቺው ቅደጂው።»

ቀደድኩት። አራት ቦታ። ከዚያ አልጋው ጋ ሄጄ ፊቴን ብርድ ልብሱ ውስጥ ቀበርኩ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ስል ዓይኑ ከመስኮቱ ወደ እኔ ተመልሷል።

ጋሽ ይልማ ሲወጡ ብዕሩን አልወሰዱም። «የእኔ እጅ አሁን ከስሜ ሌላ የሚጽፈው የለውም። እዚህ ይቆይ» አሉ።


ዓርብ፣ የካቲት 13

በቀን አሥር ቃል ያህል ይወጣዋል። ከዚያ እጁ ያልቃል። ከትናንት ወዲህ የጻፋቸው፦

«ቱላ።»

«ዱካሌን ጥሪ።»

«መጻሕፍቴን ለትምህርት ቤቱ።»

«አጥሚቱ ጓጉሏል።» ሳቅኩ። ከስንት ጊዜ በኋላ። እሱም በዓይኑ ሳቀ።

«ትንፋሽ ሲያጥረኝ እፈራለሁ።»

ይህን ሳነብ ደነገጥኩ። እስከ ዛሬ አይፈራም ብዬ ነበር። እኔ ብቻ የምፈራ መስሎኝ ነበር። «ታዲያ ማሽኑን ለምን እምቢ አልክ?» አልኩት፤ በመጨረሻ ጠየቅሁት። መልሱ ሁለት ጊዜ ተቋርጦ ወጣ፦ «ፍርሃቱ ያልፋል። ማሽኑ አያልፍም።»

ከሰዓት ወደ ሐኪሙ ሄጄ በትክክል ጠየቅሁት፤ ሲታፈን ምን ላድርግለት? የሚያረጋጋ ጠብታ አለ። ከምላሱ ሥር ይደረጋል። ትንፋሹን ባይመልስም ጭንቀቱን ያበርድለታል። መታፈኑ ያን ያህል እንዳይሰማው ያደርጋል አለኝ። አምስት ወር ሙሉ ይህን ሳልጠይቅ ስለ ማሽን ብቻ ስጠይቅ ከርሜያለሁ።

ጠርሙሷን አሳየሁት። ዓይኑን አንድ ጊዜ ጨፈነ፤ ቶሎ አልከፈተውም።


ሐሙስ፣ የካቲት 19

የራሱ ብዕር ደረቀ። በጥፍሬ ስጫነው ድንጋይ ነው። በአሸዋ ወረቀት አስተካከልኩት፣ ወለወልኩት። ውሃ ሞልቼ ወረቀት ላይ አቆምኩት፤ አንድ ጠብታ አልወጣም። ቀለም ሞላሁት። ከሠራኋቸው ሁሉ ጥሩው ይህ ነው።

ማክሰኞ ዕለት የጋሽ ይልማ ብዕር ከእጁ ወድቆ ነበር። ትናንት ብይዝለትም ጣቶቹ አልታጠፉም። ዛሬ የራሱን ሳስገባለት ዝም ብሎ ተንሸራተተ። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። አራተኛውን ልሞክር ስል ሁለት ጊዜ ጨፈነ። በቃ።

የጋሽ ይልማን ብዕር በጨርቅ ጠቅልዬ መለስኩላቸው። በር ላይ ተቀብለውኝ ምንም አልጠየቁኝም።

ከቤታችን ጀርባ ካለው ሱቅ የሕፃናት የፊደል ገበታ ገዛሁ። መጀመሪያ ረድፉን በጣቴ እወርዳለሁ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። ሲጨፍን እቆማለሁ። ከዚያ ወደ ጎን፤ መ፣ ሙ፣ ሚ። አድካሚ ነው። ትዕግሥት እያጣሁ ቃሉን ልጨርስለት ስሞክር እሳሳታለሁ፤ እሱም ሁለት ጊዜ ይጨፍናል፤ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ዛሬ ነገርኩት። «ብዕሩ በራሱ አይደለም የተሰነጠቀው፤ ጽሑፍህን አንብቤ፣ ተናድጄ፣ እያወቅኩ አጥብቄ ነው» አልኩት። ገበታውን በዓይኑ ፈለገ። ሰ። ማ። ሁ።

«ሰማሁ» አልኩ። የነገርኩትን መስማቱን ነው ብዬ ገበታውን ላነሳ ነበር። ሁለት ጊዜ ጨፈነ። አልጨረሰም። ያ። ኔ።

ያኔ ሰማሁ። ሰኞ ዕለት፣ በሩ ክፍት ነበር። ጠቅ ሲል አልጋው ላይ ሆኖ ሰምቶታል። እንግዲህ ያን ሁሉ ቀን አውቆ ነው «አሥር ቀን» ስለው እሺ ያለኝ።


ቅዳሜ፣ የካቲት 21

ቱላ ነን። እትዬ ዱካሌ ከወንድሞቿ ልጆች ጋር መኪና ይዛ መጣች። ፍራሹን ከኋላ አነጠፍን። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ቢሆንም በየጉድጓዱ «ቀስ!» እያልኩ ሾፌሩን አሰለቸሁት። ሁለት ጊዜ ትን አለው። ጠብታዋን አደረግኩለት። ሠራች።

እዚህ ሰዎች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። በሲዳምኛ ያወሩታል። ግማሹ አይገባኝም። እሱ ግን ሁሉንም በዓይኑ ይከተላል። የፊደል ገበታውን እስካሁን አልፈለገውም።

እትዬ ዱካሌ ለእኔም መኝታ ከእሱ አጠገብ አነጠፈችልኝ። «ዛሬ እኔ እነሳለታለሁ። አንቺ ተኚ» አለችኝ። እሺ አልኩ። ከዚህ በፊት ለማንም እሺ ብዬ አላውቅም።


ሰኞ፣ የካቲት 23

የቀጠሮው ቀን። በሦስት ሰዓት ስልኩ ጮኸ።

«የት ደረሳችሁ?» አለችኝ ያችው ልጅ።

«አንመጣም።»

«ለሌላ ጊዜ ላዛውረው?»

«አይ። እሱ አልፈለገም።»

«እንግዲህ አልጋው ለሌላ በሽተኛ ይሰጣል። ተመልሶ ቶሎ አይገኝም።»

«ይሰጠው» አልኩ። ስልኩን ዘግቼ ከደጃፉ ጀርባ ትንሽ ቆየሁ። አፌን በነጠላዬ ይዤ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩ።

ገብቼ ነገርኩት። አየኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ ገበታውን አላመጣሁም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ትንሽ ቆይቶ ተኛ። ትንፋሹ ዛሬ ከትናንቱ አጭር ነው። ስንት ቀን እንዳለን የሚነግረኝ የለም። ትክክል ሠርቼ እንደሆነም አላውቅም። ሌላ ሰው አልጋውን ይዞ ሦስት ዓመት ይኖርበት ይሆናል። ይህን እያሰብኩ ገና ብዙ ሌሊት እንደማድር አውቃለሁ።

ሲነቃ ዓይኑ ወደ በሩ ሄደ። «ውጭ?» አልኩት። አንድ ጊዜ ጨፈነ። እትዬ ዱካሌና እኔ ወንበር ላይ አድርገን አውጥተን አቮካዶው ጥላ ሥር አስቀመጥነው። ፊት ለፊቱ እንሰቱ ነው፤ ከእንሰቱ ወዲያ ላሞቹ። አንገቱ ጭንቅላቱን መሸከም ስለማይችል ከኋላው ቆሜ ግንባሩን በመዳፌ ያዝኩለት። ዝም ብሎ አየ። እኔም አየሁ። ላሞቹ ከዚያ ወደዚህ ሄዱ፤ ነፋሱ ተነሳ፤ እትዬ ዱካሌ ብርድ ልብስ አምጥታ እግሩን ሸፈነችው።

እጄ ደነዘዘ። «ልቀይርሽ?» አለችኝ።

«ትንሽ ቆዪ» አልኳት።